የትኛው ስቴም ሴል?

መጀመሪያ ምች ነው የተባለው። የጥምቀት ሰሞን ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ጃንሜዳ ፀሐይ ላይ ቆማ ውላ ማታ ቤት ስትገባ ሁለቱ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ቀልተዋል። ጎረቤት ዳማ ከሴ ጨምቃ አመጣች፤ ተቀባች፣ ጠጣች፣ ታጠነች። ቅላቱ ሳይለቅ ወር ሞላው። ቀጥሎ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ፤ "ቁርጥማት ነው፤ ብርድ ገብቶሽ ነው" ተባለች። ፀጉሯ በማበጠሪያው እፍኝ እፍኝ ሲወጣ "ሐሳብ ስለምታበዢ ነው" ተባለች። ፀበልም ገባች። በመጨረሻ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላት፣ አንድ ሐኪም የሽንቷን አረፋ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ሉፐስ የሚለውን ቃል የሰማነው ያን ጊዜ ነው፤ "ምች ነው" ከተባለ በሁለተኛው ዓመት።

ባለፈው እሑድ አክስቴንና ልጃቸውን ልጠይቅ ስሄድ፣ መድኃኒቶቿን የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ጉልበቷ ላይ አድርጋ አገኘኋት። በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ማይኮፌኖሌት፣ የደም ግፊት ክኒን፣ ካልሲየም። ፊቷ ክብ ሆኗል። ይህን ያመጣው ፕሬድኒሶሎኑ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያገኟት ሰዎች ግን "ተመችቶሻል! አምሮብሻል!" ይሏታል። እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ታልፋለች። ምን ትበል።

"እስኪ ይህን እየው" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ፈረንጅ ሰማያዊ መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከሥሩ በአማርኛ "ሉፐስ፣ ስኳር፣ የጀርባ ሕመም፣ ኦቲዝም፣ ስትሮክ፤ በስቴም ሴል መዳን ይቻላል" ተብሎ ተጽፏል፤ የወኪሉ ስልክ ቁጥር ተከትሏል። ዋጋው በዶላር ነው። በብር ስናሰላው አክስቴ የሚለቅሙትን ምስር አስቀምጠው አማተቡ።

"ልጄ፣ አንተ ጽሑፍ ትጽፋለህ፣ ታነባለህ። እውነት ነው ሐሰት?" አሉኝ።

"እውነትም አለበት፣ ሐሰትም አለበት።"

"እንዲህማ ጠንቋይም ይመልሳል።"

ልክ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው በዚያ ቀን መስጠት የነበረብኝ መልስ ነው፤ ረዘም ይላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ሉፐስ በላቲን ተኩላ ማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች ፊት ላይ የሚወጣውን ቁስል ተኩላ ከነከሰው ሥጋ ጋር አመሳስለው ያወጡለት ስም ነው ይባላል። እኔ ግን ስለዚህ በሽታ ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ተኩላው ሳይሆን ቂም ነው። የሰውነታችን መከላከያ ቂመኛ ነው፤ ኃይሉም እዚያ ላይ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ በልጅነቱ አንድ ጊዜ ኩፍኝ የያዘው ሰው ሰውነት ያንን ጠላት ሽበት እስኪወጣው አይረሳውም። ክትባትም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ሳይወጉት ቂም ማስያዝ ነው።

ሉፐስ ይህ ቂም በገዛ ዘመድ ላይ ሲያዝ ነው። በየቀኑ በሰውነታችን ውስጥ እጅግ ብዙ ሴሎች ይሞታሉ፤ በጤነኛ ሰው ውስጥ ሬሳው ቶሎ ይነሣል። በሉፐስ ታማሚ ውስጥ ማንሣቱ ይዘገያል። በሴሉ እምብርት ተሸሽጎ መኖር የነበረበት ዲኤንኤ ውጭ ይወጣል፤ ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥረው አንቲቦዲ ያመርቱበታል። አንቲቦዲውና ዲኤንኤው ተጣብቀው በደም ሲዞሩ ቆይተው በኩላሊት ማጣሪያ ላይ ይቀራሉ፤ ማጣሪያው ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ፕሮቲን ያፈሳል። የሽንቱ አረፋ ይህ ነው። ሌላ ሰው ላይ ደግሞ መገጣጠሚያን፣ የሳንባን ሽፋን፣ ልብን፣ አንጎልን ይይዛል። ፀሐይ የቆዳን ሴሎች ስለምትገድል ነገሩን ታባብሳለች፤ የጃንሜዳው ቀን ምንም እንዳልነበረ ሆኖ የማያልፈው ለዚህ ነው። ምች ያሉት ጎረቤቶች ፀሐይን መጠርጠራቸው ስሕተት አልነበረም።

ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን የሚጀምራቸውም በመውለጃ ዕድሜያቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ቆጠራዎች ጥቁር ሴቶች ከነጮቹ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይታመማሉ፤ ኩላሊታቸውም ይበልጥ ይጠቃል። በ1950ዎቹ ሉፐስ ከተባሉት ሰዎች ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ሕክምና በተሟላበት አገር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመትን ያልፋሉ። ይህን ያህል ርቀት ያስኬዱት በአብዛኛው ያረጁ መድኃኒቶች ናቸው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወባ መድኃኒት የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የወባ መከላከያ የሚውጡ ወታደሮች የቆዳቸው ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ሲሻላቸው ታይቶ ነው ዘመዶቹ ወደዚህ በሽታ የተሳቡት። ከዚያ በኋላ ለሉፐስ ተብሎ የተሠራ አዲስ መድኃኒት፣ ቤሊሙማብ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ነው። ከ50 ዓመት በላይ መጠበቅ ማለት ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ግን ቂሙን አያጠፉትም፤ ያበርዱታል። ቢ ሴሎች ከሚያፈሯቸው ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባሉት መቅኔ ውስጥ ገብተው ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ ብዙው መድኃኒት አይነካቸውም። መድኃኒቱ ሲቀነስ በሽታው የሚነሣው ለዚህ ነው። "ከሥሩ ነቅሎ የሚያወጣው የለም ወይ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው፤ ስቴም ሴል የሚለው ቃልም እንደዚሁ።

*

መነሻው የደም ካንሰር ክፍል ነው። ለሉኪሚያ መቅኔያቸው በከባድ ኬሞ ተጠርጎ በአዲስ ከተተካላቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ከካንሰሩ በፊት ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታም ነበረባቸው፤ ከንቅለ ተከላው በኋላ ያም በሽታ አብሮ ጠፋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጣሊያን ጄኖቫ ውስጥ የአልቤርቶ ማርሞንት ቡድን ነገሩን ለሉፐስ ሞከረው። ከዚያ ቺካጎ ውስጥ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ በርት በሰፊው ያዘው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቃሉ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ታማሚዋ መጀመሪያ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ቀጥሎ ለተከታታይ ቀናት መርፌ ትወጋለች። መርፌው መቅኔውን ቀስቅሶ የደም እናት ሴሎችን፣ ማለት ስቴም ሴሎቹን፣ ወደ ደም ሥር ያስወጣል፤ ወገቧንና የጭን አጥንቷን ከውስጥ የሚወቅጧት ያህል ያማታል። ከዚያ ወንበር ላይ ትቀመጥና ደሟ በአንድ ቱቦ ወደ ማሽን ይገባል፤ ማሽኑ ስቴም ሴሎቹን ለይቶ ይይዛል፣ የቀረውን ይመልስላታል። ሰዓታት ይወስዳል። የተሰበሰበው ሴል ከማቆያ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይቀዘቅዛል።

ዋናው ሕክምና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቺካጎው አሠራር ሳይክሎፎስፋማይድ በኪሎ 200 ሚሊግራም ይሰጣል። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 12 ግራም ነው፤ በአራት ቀን። ልዩነቱ እንዲገባችሁ፣ ለሉፐስ ኩላሊት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዝቅተኛው አሰጣጥ በሦስት ወር ተከፋፍሎ በድምሩ 3 ግራም ነው። በላዩ ላይ ከፈረስ ደም የተሠራ፣ ነጭ የደም ሴሎችን የሚያጠፋ አንቲቦዲ ይጨመራል። በሰውነቷ ውስጥ ያለው መከላከያ ይጠረጋል። ከዚያ የቀዘቀዘው ከረጢት ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቀልጥና እንደ ደም ይንጠለጠልላታል። የማቆያው ፈሳሽ በትንፋሽ ስለሚወጣ ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ነርሶቹ ለምደውታል። ሠላሳ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት፣ ያልቃል። ቀጥሎ መጠበቅ ነው፤ ከአንድ ሳምንት በላይ፣ አዲሱ መቅኔ ነጭ ደም ማምረት እስኪጀምር፣ ጉንፋን እንኳ ሊገድላት በሚችልበት ክፍል ውስጥ።

እንግዲህ መድኃኒቱ የትኛው ነው? ስቴም ሴሉ አይደለም። መድኃኒቱ ኬሞው ነው። ስቴም ሴሉ፣ ገበሬ ማሳውን ከማቃጠሉ በፊት ጎተራው ጥግ ለዘር የሚያስቀረው እህል ነው፤ አረሙን የሚያጠፋው እሳቱ ነው፣ ዘሩ ግን ማሳው ጦም እንዳያድር ያደርጋል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ባልቲሞር ውስጥ አለ፤ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ይህንኑ የሳይክሎፎስፋማይድ መጠን ለሉፐስ ታማሚዎች ያለ ምንም ስቴም ሴል ሰጥተዋል፤ መቅኔያቸው በራሱ ጊዜ ተነሥቷል።

ውጤቱስ? በርትና ባልደረቦቹ ከ1997 እስከ 2005 ድረስ የመዘገቧቸውን 50 ሰዎች ታሪክ በ2006 አሳትመዋል። ሌላው መድኃኒት ሁሉ አልበግር ያላቸው ከባድ ታማሚዎች ነበሩ። ሁለቱ ሴላቸው ከተሰበሰበ በኋላ ንቅለ ተከላው ሳይደርስ ሞቱ፤ ለ48ቱ ተደረገ። አምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 84 በመቶ፣ ያለ በሽታ የመቆየት ዕድላቸው ደግሞ 50 በመቶ ሆኖ ተሰላ። ዘውድና ጎፈር ነው። በብዙ ማዕከሎች የታከሙ 53 ሰዎችን የያዘው የአውሮፓ መዝገብ በ2004 ሲወጣ ደግሞ ከሕክምናው ጋር በተያያዘ የሞቱት 12 በመቶ ነበሩ። ሐኪም በቀላሉ የሚያዝዘው ነገር አይደለም።

እኔን ከሁሉ የሳበኝ ግን ከበርሊን የመጣው ትንሽ ጥናት ነው። በሻሪቴ ሆስፒታል 7 የሉፐስ ታማሚዎችን ከንቅለ ተከላው በኋላ ለዓመታት ተከታትለው ደማቸውን መረመሩ፤ ውጤቱ በ2009 ታተመ። በዲኤንኤ ላይ የተያዘው ቂም ጠፍቷል፤ አዲሶቹ ቢ ሴሎች ገና ምንም ያልገጠማቸው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ሴሎች ያሉ ናቸው። ነገር ግን ሌላም ነገር አብሮ ተጠርጓል፤ የኩፍኝና የቴታነስ ትውስታ። ማሳው ሲቃጠል እሳት ስንዴና እንክርዳድ አይለይም። ሰውየው ክትባቱን እንደ ሕፃን ከሀ መጀመር አለበት።

ሌላም ዋጋ አለው፤ በማስታወቂያ የማይነገር። ሳይክሎፎስፋማይድ በዚህ መጠን ሲሰጥ እንቁላል ማምረቻውን ያደርቃል። በሽታው የሚይዘው ደግሞ የሃያና የሠላሳ ዓመት ሴት ነው። የአክስቴ ልጅ ስለ ልጅ መውለድ አታወራም፤ አንድ ቀን ግን የጎረቤቷን አራስ ታቅፋ ፎቶ ላከችልኝ፤ ከሥሩ ምንም አልጻፈችም።

*

"ታዲያ ቪዲዮው ላይ ያለው ይህ ነው?" አለችኝ እሑድ ዕለት፣ ይህን ሁሉ አጠር አድርጌ ከነገርኳት በኋላ።

"አይደለም። እዚያ ሆስፒታል መተኛት የለም፣ ኬሞ የለም። ገብተሽ በጉሉኮስ መልክ ተሰጥቶሽ በሦስተኛው ቀን ትመለሻለሽ ነው የሚለው።"

"እና ምኑ ነው ስቴም ሴል ያሰኘው?"

ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት ነው። ክሊኒኮቹ የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ሜዘንካይማል የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ከእትብት፣ ከእንግዴ ልጅ ወይም ከቦርጭ ስብ የሚወጣ፣ በላቦራቶሪ የሚባዛ ሴል። ይህ የደም እናት አይደለም፤ መቅኔ አይተካም። ስሙን በ1991 ያወጣለት የባዮሎጂ ምሁር አርኖልድ ካፕላን ራሱ በ2017 "ስቴም የሚለው ስም ይቀየር" ብሎ ጽፏል። ሴሉ ሌላ አካል ሆኖ አይበቅልም፤ ቁጣን የሚያበርዱ ነገሮችን ያመነጫል እንጂ። በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኛው ሳንባ ውስጥ ተይዞ በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ይህ ማለት ግን ሐሳቡ የደላላ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ቻይና ናንጂንግ ውስጥ በድራም ታወር ሆስፒታል የሱን ሊንግዩን ቡድን ከ2009 ጀምሮ ተስፋ የሚሰጡ ውጤቶች አሳትሟል። ለ40 ታማሚዎች የእትብት ሴል ሰጥተው በ2014 ያወጡት ሪፖርት ከመቶ 60 የሚሆኑት በከፊልም ይሁን በደንብ እንደተሻላቸው ይናገራል፤ ከስድስት ወር በኋላ በሽታው የተመለሰባቸውም አሉ። ችግሩ የሚያነጻጽሩት ቡድን አለመኖሩ ነው። እነዚህ ሰዎች መድኃኒታቸውንም አላቆሙም፤ ሉፐስ ደግሞ በባሕርዩ ሲጋል ሲበርድ የሚኖር በሽታ ነው። ሰው የሚታከመው ሲብስበት ነው፤ ከባሰው በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል።

ያን ያወቁ ሌሎች የቻይና ተመራማሪዎች ጥያቄውን በትክክለኛው መንገድ ጠየቁ። ኩላሊታቸውን ሉፐስ የያዘባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ለአንዱ ቡድን የእትብት ሴል፣ ለሌላው ሴል የሌለበት ፈሳሽ። ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቅም። ሁለቱም ቡድን የተለመደውን ጠንካራ መድኃኒት ያገኛል። 18 ሰው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ቆጠሩ። ሴሉን ከወሰዱት 12 ሰዎች 9ኙ ተሽሏቸዋል፤ 75 በመቶ። ባዶውን ፈሳሽ ከወሰዱት 6 ሰዎች 5ቱ ተሽሏቸዋል፤ 83 በመቶ። ጥናቱ እዚያው ላይ ቆመ፤ ውጤቱ በ2017 ታተመ።

18 ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ በሩን መዝጋት አይቻልም። አሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ውስጥም የሕክምና ዩኒቨርሲቲው ነገሩን በ6 ሰዎች ጀምሮ ወደ ሰፊ ንጽጽር አሳድጎታል። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ያ የ75 በመቶ ቁጥር ብቻውን ተቆርጦ ማስታወቂያ ላይ ቢወጣ ማን ይጠራጠራል? የ83ቱ ነገር ሳይነሣ ማለት ነው። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 መጨረሻ የመጀመሪያውን የሜዘንካይማል ሴል ሕክምና ሲፈቅድ፣ የፈቀደው ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ለሚመጣ አንድ የሕፃናት ችግር እንጂ ለሉፐስ አይደለም።

*

"ከራሴ የተወሰደ ሴል ምን ይጎዳኛል?" ይላል ሰው። አክስቴም ያሉት ይህንኑ ነው፤ "የገዛ ደሟ አይደል!"

ባንኮክ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አገር አይደለችም። አቅም ያለው፣ ወይም መዋጮ የተዋጣለት፣ ለኩላሊትም ለልብም ለምርመራም ይሄድባታል። እዚያች ከተማ ውስጥ የሆነ አንድ ታሪክ በ2010 በአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ታማሚዋ የ46 ዓመት ሴት ናት፤ ሉፐሱ ኩላሊቷን ይዟል። አንድ የግል ክሊኒክ ከገዛ ደሟ ስቴም ሴል ለይቶ አውጥቶ በጎኗ በኩል በመርፌ ቀጥታ ወደ ኩላሊቷ ወጋላት። ኩላሊቷ አልዳነም፤ እጥበት ጀመረች። ከወራት በኋላ ጎኗን ያማት፣ ሽንቷም ደም ይቀላቅል ጀመር። በምስል ሲታይ ኩላሊቷ ውስጥ፣ ጉበቷ ላይና ከኩላሊት በላይ ባለችው እጢ ላይ እባጮች በቅለዋል። አንዱ ኩላሊት ተቆርጦ ወጣና በማይክሮስኮፕ ታየ፤ እባጩ የደም ሥርና የመቅኔ ሴል ድብልቅልቅ ነበር። መቅኔ የሚሠራው ነገር ባልተጠራበት ቦታ ቤት ሠርቷል። ሴትየዋ በኋላ በኢንፌክሽን ሞተች። የገዛ ደሟ ነበር።

አክስቴ ይህን ሲሰሙ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት። ዝም አሉ። ቆይተው "ልጆች ነበሯት?" ብለው ጠየቁኝ። ይህን መጽሔቱ አልጻፈውም።

*

አሁን ወደ ደስ የሚለው ክፍል ልለፍ፤ እሱም ደስታው ከዋጋው ጋር ነው።

ከበርሊን ወደ ደቡብ፣ ባቫሪያ ውስጥ፣ ኤርላንገን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። የመገጣጠሚያና የሉፐስ ሐኪሙ ጌዮርግ ሼትና የደም ካንሰር ሐኪሙ አንድሬያስ ማከንሰን እዚያ በአንድ ግቢ ይሠራሉ። ካንሰር ክፍሉ ካር ቲ የሚባል ሕክምና ነበረው፤ ቢ ሴሎች ካንሰር ሲሆኑ የሚያጠፋ። የሉፐስ ክፍሉ ደግሞ ጥፋተኛው ቢ ሴል እንደሆነ ያውቃል። በ2021 የ20 ዓመት ወጣት መጣች፤ ኩላሊቷን፣ ልቧን፣ ሳንባዋን የያዘ ሉፐስ፣ ሁሉንም መድኃኒት የሞከረች። የራሷን ቲ ሴሎች ከደሟ አወጡ። ቲ ሴል የሰውነት ወታደር ነው። በተራቆተ ቫይረስ አማካይነት አንድ ጂን አስገቡበት፤ ሲዲ19 የሚባል ምልክት ያለበትን ሴል ሁሉ፣ ማለት ቢ ሴልን፣ አይቶ እንዲገድል። ላቦራቶሪ ውስጥ አራቧቸው። አነስ ያለ ኬሞ ሰጥተው ቦታ አስለቀቁና መልሰው አስገቡላት፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ፕሮቲኑ ከሽንቷ ጠፋ። በዲኤንኤ ላይ የተነሣው አንቲቦዲም ጠፋ። መድኃኒቶቿ ቆሙ።

በ2022 አምስት ሆኑ፤ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ፣ አምስቱም በሦስት ወር ውስጥ በሽታው ተኛላቸው። በ2024 መጀመሪያ 15 ሰዎች ታተሙ፤ ስምንቱ የሉፐስ ታማሚዎች ነበሩ፣ ስምንቱም ያለ ምንም የሉፐስ መድኃኒት ደህና ነበሩ። አስገራሚው ነገር ቢ ሴሎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰው መምጣታቸው ነው፤ ሲመጡ ግን በርሊን ውስጥ እንደታዩት አዲሶች ናቸው፣ ቂሙን አያውቁትም። የበርሊኑ ጉድለት ደግሞ እዚህ በአብዛኛው የለም፤ የድሮ ክትባቶች አንቲቦዲ ባለበት ቆይቷል፣ ምክንያቱም ያንን የሚይዙት መቅኔ ውስጥ የተቀመጡት አሮጌ ፕላዝማ ሴሎች ሲዲ19 የላቸውም። ኩፍኝን የሚያስታውሰው ቀረ፣ ዲኤንኤን የሚጠላው ሄደ። ማሳውን ሳያቃጥሉ አረሙን በእጅ መንቀል ይሏል ይህ ነው። ስቴም ሴል ሲባል ሰው በልቡ የሚመኘው ነገር፣ ከሥሩ ነቅሎ አንድ ጊዜ መገላገል፣ ሌላ ስም ይዞ ነው የመጣው።

ነገር ግን። ተከታትለው ያዩት ጊዜ ገና አጭር ነው። ሴሎቹ ሲገቡ ኃይለኛ ትኩሳት ያስነሣሉ፤ ካንሰር ላይ ነርቭን የሚያውኩበት ጊዜም አለ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 መጀመሪያ፣ ካር ቲ ለካንሰር ከወሰዱት መካከል ጥቂቶቹ ላይ አዲስ የቲ ሴል ካንሰር መታየቱን በማሸጊያው ላይ በጥቁር ሣጥን እንዲጻፍ አዝዟል። ዋጋው ደግሞ ለሰሚ ይከብዳል። ለካንሰር የተፈቀደው የመጀመሪያው ካር ቲ በ2017 ገበያ ላይ ሲወጣ 475,000 ዶላር ነበር፤ የሆስፒታሉን አልጋ ሳይጨምር።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ካር ቲ ለሉፐስ በብዙ ሆስፒታሎች በጥናት መልክ እየተሰጠ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ጥናት ለሚሞክረው መድኃኒት በሽተኛውን አያስከፍልም፤ ከፍለሽ ግቢ የሚል ጥናት ከተገኘ መጠርጠር ነው። በአሜሪካ መንግሥት የጥናቶች መዝገብ ላይ ስሙ መገኘቱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሚያስከፍሉ ክሊኒኮችም ራሳቸውን እዚያ አስመዝግበው ተገኝተዋል።

*

ለአክስቴ ልጅ ዛሬ የሚሠራላት ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪኑ፣ በኪሎ ከ5 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ በየቀኑ፣ ደህና በሆነችበት ቀንም ጭምር፤ ለዓመታት ስለምትወስደው ዓይኗን መመርመር አለባት። ፕሬድኒሶሎኑ ቀስ እያለ እስከ 5 ሚሊግራምና ከዚያ በታች ቢወርድ ይመረጣል፤ ግን በራሷ አታቁመው። በ2020 ኮሮና ሲገባ "ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያድናል" ተብሎ ዓለም ሲሻማ፣ በብዙ አገር የሉፐስ ታማሚዎች ነበሩ መድኃኒታቸውን ያጡት። እሷም ያኔ አንድ ብልቃጥ ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትዞር ውላለች። ኩላሊቷ ቢደክም እንኳ፣ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ተጀምሯል፤ ለጋሽ ዘመድ ማግኘቱ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህን ሁሉ ስነግራት ቆርቆሮውን እየከደነች አዳመጠችኝ። ከዚያ ስልኳን መልሳ ተቀበለችኝና ለወኪሉ መጻፍ ጀመረች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። "ጤና ይስጥልኝ። ሴሉ ከምን የሚወሰድ ነው? የደም ነው የእትብት? ለሉፐስ በዕጣ ተከፍሎ የተደረገ ንጽጽር አላችሁ?"

ቡና እየተፈላ ነበር፤ አክስቴ ዕጣን ጨመሩ። ሁለተኛው ሲቀዳ ስልኩ ጮኸ።

"እህቴ፣ ሴሉ ምርጡ ነው፤ የጀርመን ነው። ፓስፖርትሽን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ እስከ ዓርብ ለሚከፍል ቅናሽ አለ።"

ለአክስቴ አነበበችላቸው። እሳቸው "ልብስ ነው እንዴ ቅናሽ ያለው?" አሉ። የአክስቴ ልጅ ሳቀች፤ ክብ ፊቷ ላይ ያ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ቅላት እንደ ድሮው ፈካ አለ። ማክሰኞ የሽንት ምርመራ ቀጠሮ አላት። እንዳልረሳ አስታውሰኝ ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው።